የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 47 እንጂ 74 አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ በቴክኖሎጂ ገጽ ላይ ስለ አንድ ባለ 10 አኃዝ ቁጥር የወጣውን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስኩት። የተደሰትኩት፣ በጋዜጣ ላይ የሚታየው ቁጥር በአብዛኛው የዶላር ምንዛሪ፣ የሎተሪ ዕጣ ወይም የእግር ኳስ ውጤት ሆኖ ሳለ እናንተ አንድን ቁጥር ስለ ራሱ ብላችሁ ግማሽ ገጽ ስለሰጣችሁት ነው። ቅር ያሰኘኝ ደግሞ ጽሑፉ አራት ስሕተቶች ስላሉበት ነው፤ አንዱን የለቀማ ግድፈት ብለን ልናልፈው ብንችልም ሦስቱ አንባቢን የሚያሳስቱ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለውን አይቶ ዝም ማለት ስለሚቸግረው፣ ነገሬ ትንሽ ቢረዝም በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። ጽሑፉ ቁጥሩን «ከ1 እና ከራሱ በስተቀር በምንም የማይካፈል» ይለዋል፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ብቸኛ ቁጥር የምንለው ማለት ነው። ከዚሁ ዐረፍተ ነገር ሥር ግን 2,147,483,674 ተብሎ ታትሟል። በ4 የሚያልቅ ቁጥር ለሁለት እኩል እንደሚካፈል የሦስተኛ ክፍል ተማሪም ያውቃል፤ ይህኛው ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,073,741,837 ይደርሰዋል። ትክክለኛው ቁጥር 2,147,483,647 ነው፤ በፊደል ሲጻፍ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ይሆናል፤ በግእዝ አኃዝ መጻፍ የሚወድ ደግሞ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ብሎ ያሰፍረዋል። የሁለት አኃዝ መገለባበጥ በፈተና ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጠመኝ ነገር ስለሆነ ብዙም አልከፋሁበትም። የሚያሳዝነው ግን የአኃዞቹ ድምር ከመገለባበጡ በፊትም ሆነ በኋላ ያው 46 ስለሆነ፣ ድሮ ለተማሪዎቼ አስተምረው የነበረው በድምር የማረም ዘዴ እንኳ ይህን ስሕተት ሊይዘው አለመቻሉ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነው። ጸሐፊው «የኮምፒዩተር መሐንዲሶች ይህን ቁጥር የመረጡት ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ ነው» ይላሉ። የመረጠው ሰው የለም። ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚይዘው በ0 እና በ1 ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዷ ቦታ ቢት ትባላለች። ለረጅም ዘመን የተለመደው መያዣ 32 ቢት ነበረ፤ ከ32ቱ አንዱ ቁጥሩ አዎንታዊ ይሁን አሉታዊ ለመለየት ስለሚያዝ ለቁጥሩ የሚቀረው 31 ነው። በእነዚህ 31 ቦታዎች ሁሉ 1 ሲሞላ የሚገኘው ከፍተኛ መጠን 2³¹ − 1፣ ማለትም 2ን 31 ጊዜ አባዝቶ አንድ ከመቀነስ የሚመጣው 2,147,483,647 ነው። ጣሪያው እዚያ ላይ ያረፈው መያዣው ያን ያህል ስለሆነ ብቻ ነው፤ የአንድ ኩንታል ጆንያ አንድ ኩንታል የሚይዘው 100 ልዩ ቁጥር ስለሆነ እንዳልሆነ ሁሉ።

ይህ የእኔ ግምት አለመሆኑን ለማየት ሌሎቹን መያዣዎች መመልከት ይበቃል። በ8 ቢት ጣሪያው 127 ነው፤ እርሱ ብቸኛ ቁጥር ነው። በ16 ቢት ጣሪያው 32,767 ነው፤ ይህኛው ግን 7 × 31 × 151 ስለሆነ ብቸኛ አይደለም። በ32 ቢት የእኛው ቁጥር ይመጣል፤ ብቸኛ ነው። ዛሬ በየስልካችን ባለው በ64 ቢት ጣሪያው 9,223,372,036,854,775,807 ሲሆን፣ ይህን ያህል ግዙፍ ሆኖ ሳለ ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። መሐንዲሶቹ ብቸኛነትን ፈልገው ቢሆን ኖሮ ሁለቱን አግኝተው በሁለቱ እንዴት ሊስቱ ቻሉ?

ለምን እንደዚህ እንደሚሆንም በወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። 32,767 በኮምፒዩተር አጻጻፍ 15 ጊዜ 1 ተደርድሮ ነው። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትመድቧቸው 111 111 111 111 111 ይሆናል፤ 111 ደግሞ በዚያ አጻጻፍ 7 ነው። እንግዲህ ቁጥሩ በሙሉ እያንዳንዳቸው 7 ከሆኑ ምድቦች የተሠራ ስለሆነ ለ7 መካፈሉ አይቀሬ ነው። 63ም በሦስት በሦስት ስለሚመደብ የ64 ቢት ጣሪያ በዚሁ ምክንያት ይወድቃል። 31 አንዶችን ግን በእኩል ምድብ መክፈል የሚችል የለም፤ 31 ራሱ ብቸኛ ነውና። በዚህ የተነሳ ብዙ ተማሪ፣ ምናልባትም የእናንተ ጸሐፊ፣ «31 ብቸኛ ከሆነ 2³¹ − 1 ብቸኛ መሆኑ ግልጽ ነው» ብሎ ይደመድማል። ግልጽ አይደለም። 11 ብቸኛ ነው፤ 2¹¹ − 1 ግን 2,047 ሲሆን 23 × 89 ነው። ስለዚህ የ31ን ጉዳይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማረጋገጥ ነበረበት።

ያረጋገጠውም ስዊዘርላንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ሊዮንሃርድ ኦይለር ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1772፣ ቦታው ሴንት ፒተርስበርግ። ሁለቱም ዓይኖቹ ከሞላ ጎደል ብርሃናቸውን አጥተው ስለነበር ስሌቱን በአብዛኛው በጭንቅላቱ ይሠራ ነበር። ውጤቱንም ያሳወቀው ከበርኑሊ ቤተሰብ ለሆነ የሂሳብ ሊቅ በላከው ደብዳቤ ነው፤ እንግዲህ በደብዳቤ ቁጥር መነዝነዝ የእኔ ብቻ አመል አይደለም። ከእርሱ በፊት የቦሎኛው ፒየትሮ ካታልዲ በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ 2¹⁷ − 1 እና 2¹⁹ − 1 ብቸኛ መሆናቸውን በትክክል ካረጋገጠ በኋላ፣ ለ23፣ ለ29፣ ለ31 እና ለ37ም ያው ነው ብሎ ነበር። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ በ1640 የ23ንና የ37ን፣ ኦይለር ራሱ በ1738 የ29ን ነገር አፈረሱበት፤ ከአራቱ የቆመው 31 ብቻ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰንም በ1644 ያወጣው ዝርዝር ውስጥ 31ን አስገብቶ ነበር፤ ሆኖም በዚያው ዝርዝር 67ንና 257ን በስሕተት ጨምሮ 61ን፣ 89ንና 107ን ዘልሏል። ዛሬ 2ን ደጋግሞ አባዝቶ አንድ ከመቀነስ የሚገኙት ብቸኛ ቁጥሮች የመርሰን ቁጥሮች የሚባሉት በዚህ ሰው ስም ነው፤ የእኛውም ቁጥር ከእነርሱ ስምንተኛው ነው።

ኦይለር እንዴት እንዳረጋገጠው ጽሑፋችሁ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውም፤ እኔ ደግሞ የዚህ ቁጥር ታሪክ ዋናው ጣዕም እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ የሚታወቀው መንገድ ከዳግም ዘሩ በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እየሞከሩ ማካፈል ነው። የ2,147,483,647 ዳግም ዘር ከ46,340 ጥቂት ይበልጣል፤ ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ናቸው። አምስት ሺህ ረጃጅም ማካፈሎችን ማየት ለተሳነው ሰው ማሰብ ይከብዳል። ኦይለር ግን ከማካፈሉ በፊት አጣራ።

ማጣሪያው የሚገባን በትንሽ ምሳሌ ነው። ከላይ 2¹¹ − 1 ለ23 ይካፈላል ብያለሁ። አሁን 2ን ደጋግማችሁ እያባዛችሁ በእያንዳንዱ ደረጃ ለ23 ስታካፍሉ የሚተርፈውን ብቻ ጻፉ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ ከዚያም 24 ለ23 ሲካፈል 1 ይተርፋልና ተመልሰን መነሻችን ላይ እንወድቃለን። ዙሩ በ11 እርምጃ ተዘጋ። ለ23 ሲካፈሉ ሊተርፉ የሚችሉት ቁጥሮች፣ 0ን ሳንጨምር፣ 22 ናቸው፤ ይህ ዙር 11ዱን ወስዷል፤ የቀሩት 11 ደግሞ ከ5 ብትነሱና በ2 እያባዛችሁ ብትሄዱ ሌላ እኩል ዙር ይሠራሉ። 22ቱ በ11 በ11 ተመደቡ፤ የተረፈ የለም። ይህ ሁልጊዜ የሚሆን ነገር ነው፦ 2³¹ − 1ን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ከእርሱ ላይ አንድ ቀንሰን የምናገኘው ቁጥር በ31 በ31 ያለ ቀሪ መመደብ አለበት። ፌርማና ኦይለር ያፈረሷቸውን ተመልከቱ፦ 2²³ − 1 ለ47 ይካፈላል፤ 46 ደግሞ ሁለት 23 ነው። 2²⁹ − 1ን የሚያካፍሉት 233፣ 1,103 እና 2,089 ከየራሳቸው አንድ ሲቀነስ ሁሉም ለ29 ይካፈላሉ፤ አንባቢ በእጁ ሞክሮ ቢያረጋግጠው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ ማጣሪያም አለ። እንዲህ ያለ አካፋይ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው ወይ 1 ወይ 7 መሆን አለበት፤ ከላይ የጠቀስኳቸው 23፣ 47፣ 89፣ 233፣ 1,103 እና 2,089 ሁሉም ይህን ያሟላሉ። ሁለቱ ማጣሪያዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 ከሚተርፋቸው ቁጥሮች በቀር ሁሉም ይወድቃሉ። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉት፣ 1ንና 63ን ራሳቸውን ካስወጣናቸው፣ 372 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ የመጀመሪያው 249 ለ3 ስለሚካፈል መሞከር አያስፈልገውም። ቀጣዩ 311 ነው፤ ቁጥራችን ለ311 ሲካፈል 6,905,092 ደርሶ 35 ይተርፋል። ስለዚህ 311 አይደለም። ኦይለር በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው ሄዶ አንድም ያለ ቀሪ የሚያካፍል አጣ። ከዚያ በኋላ ከ80 ዓመት በላይ ከዚህ ቁጥር የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ማንም አላገኘም። ልብ በሉ፤ በዚያ ጊዜ ቢት የሚባል ነገር የለም፣ ኮምፒዩተርም የለም። ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑ የታወቀው የ32 ቢት ጣሪያ ከመሆኑ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነው፤ ሁለቱ ነገሮች የተገናኙት 31 ላይ ሁለቱም ስለቆሙ እንጂ አንዱ ሌላውን ጠርቶት አይደለም።

ሦስተኛው ስሕተት ጸሐፊው ስለ ቁጥሩ ባሕርያት ሲዘረዝሩ «ፍጹም ቁጥር ነው» ማለታቸው ነው፤ ብቸኛ ቁጥር ፍጹም ሊሆን አይችልም። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡት ነው፤ 6 ማለት 1 + 2 + 3፣ 28 ማለት 1 + 2 + 4 + 7 + 14። ብቸኛ ቁጥር ከራሱ ሌላ ያለው አካፋይ 1 ብቻ ስለሆነ ድምሩም 1 ነው። የተምታታባቸው ምናልባት ከዚህ ነው፦ እያንዳንዱ የመርሰን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ያስገኛል። የእኛውን በ2³⁰ ብናባዛው 2,305,843,008,139,952,128 እናገኛለን፤ ይህ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ በ1811 ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ፣ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ለማወቅ ጉጉት እንጂ ለጥቅም የማይሆኑ በመሆናቸው ከዚህ የሚበልጥ ለማግኘት የሚደክም ሰው አይኖርም የሚል ግምት ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የተገኘው 52ኛው የመርሰን ብቸኛ ቁጥር 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ሲሆን 41,024,320 አኃዞች አሉት። የሰው ልጅ ለማይጠቅም ነገር ምን ያህል እንደሚደክም ባርሎ አሳንሶ ገምቷል።

ሌላም መደብ አለው፤ 31 ራሱ 2⁵ − 1 ስለሆነ የእኛው ቁጥር የመርሰን ቁጥር ላይ የቆመ የመርሰን ቁጥር ነው። እንዲህ ዓይነት ድርብ የሆኑና ብቸኛ መሆናቸው የታወቀው አራት ብቻ ናቸው፦ 7፣ 127፣ 2,147,483,647 እና 2¹²⁷ − 1። ታዲያ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥተን 2ን 2,147,483,647 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስስ? ከ646 ሚሊዮን በላይ አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ ብቸኛ ግን አይደለም፤ 295,257,526,626,031 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። የኦይለር ማጣሪያ እዚህም ይሠራል፦ ከዚህ አካፋይ ላይ አንድ ቀንሳችሁ ለ2,147,483,647 ብታካፍሉት 137,490 ይደርሳል፤ የሚተርፍ የለም። ሙሉውን ቁጥር ጽፎ የሚያነብ ሰው በሌለበት፣ አካፋዩን ግን በአንድ መስመር ላይ አስፍረነዋል።

በተለይ ለመምህራን የምጠቁማት አንዲት ትንሽ ባሕርይም አለች። የማንኛውም ቁጥር ካሬ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው 0፣ 1 ወይም 4 ብቻ ነው። ከእነዚህ ሦስቱን በፈለጋችሁት መንገድ ብትደምሩ ቀሪው 7 የሚሆንበት መንገድ አታገኙም። የእኛው ቁጥር ደግሞ ለ8 ሲካፈል 7 ይተርፈዋል። ስለዚህ የሦስት ካሬዎች ድምር አድርጎ ሊጽፈው የሚችል የለም፤ አራት ያስፈልገዋል፤ አራት ለማንኛውም ቁጥር እንደሚበቃ የሂሳብ ሊቁ ላግራንጅ ከኦይለር ማረጋገጫ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በ1770 አሳይቷል። ይህ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአሥር ደቂቃ የሚታይ ነው።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ መሐንዲሶች ይህን ቁጥር ብቸኛ በመሆኑ የመረጡበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ዕጣ በሚመስል መንገድ ቁጥር በማመንጨት ላይ ነው። ኮምፒዩተር እንደ ሰው ጆንያ አንቀጥቅጦ ዕጣ አያወጣም፤ ስሌት ሠርቶ ዕጣ የሚመስል ነገር ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሉዊስ፣ ጉድማንና ሚለር የተባሉ ባለሙያዎች ያቀረቡት፣ በ1988 ፓርክና ሚለር እንደ መነሻ መለኪያ ይያዝ ያሉት ዘዴ እንዲህ ነው፦ ያለህን ቁጥር በ16,807 አባዛ፣ ለ2,147,483,647 አካፍል፣ የተረፈውን ውሰድ፣ ድገም። ከ1 ብንነሳ 16,807፣ ከዚያ 282,475,249፣ ከዚያ 1,622,650,073፣ ከዚያ 984,943,658 እያለ ይሄዳል፤ ለዓይን ሥርዓት የለውም። ከላይ በ23 ላይ ያየነው ዙር እዚህ ተመልሶ መጣ። 16,807 አምስት ጊዜ የተባዛ 7 ነው፤ ይህ አባዢ የሚሠራው ዙር ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ አንድም ሳይደግም፣ አንድም ሳይዘል ከጎበኘ በኋላ ብቻ ወደ 1 ይመለሳል። በ16,807 ፋንታ 2ን ብንወስድ ኖሮ ዙሩ በ31 እርምጃ ተዘግቶ ዕጣው መሳቂያ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ሙሉ ዙር የሚገኘው አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን ነው፤ ቁጥሩም ከ32 ቢቱ መያዣ ጋር መገጣጠሙ ለባለሙያዎቹ እንደ ሲሳይ ሆነላቸው። ጸሐፊው ያነበቡት ይህን ሆኖ ወደ ጣሪያው ጉዳይ አሸጋግረውት ከሆነ፣ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

አራተኛው ስሕተት የቀን ነው፤ ይህኛው የእኛ የኢትዮጵያውያን ጉዳይ ስለሆነ በዝርዝር ላንሳው። ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ በግሪኒች እኩለ ሌሊት ላይ ከተተከለ መነሻ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች በመደመር ነው። ቆጣሪው 32 ቢት ከሆነ 2,147,483,647ኛው ሰከንድ ላይ ይሞላል። ጽሑፋችሁ ይህን ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ብሎ በትክክል ካስቀመጠ በኋላ «በእኛ አቆጣጠር ጥር 2031» ይላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ካልሆነ በቀር በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ዓመት መሆኑን ጸሐፊው ዘንግተውታል፤ 2030 ነው። ወሩን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ቢያሰሉት ኖሮ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ባገኙ ነበር፦ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ በየባሕረ ጥምቀቱ አድረው ሕዝቡ ጠበሉ እስኪረጭ በሚጠብቅበት ሰዓት ማለት ነው። በሚቀጥለው ሰከንድ፣ ያልታደሰ ቆጣሪ ያለው መሣሪያ ወደ ዜሮ እንኳ አይመለስም፤ የምልክቱ ቢት ስለሚነካ ወደ አሉታዊው ጥግ፣ ወደ −2,147,483,648 ይወረወርና ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 አድርጎ ያነበዋል። ከዓድዋ ድል ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋናቸው ላይ ናቸው።

ይህን «ገና ሩቅ ነው» ለሚል አንባቢ የራሴን ገጠመኝ ልንገር። የወንድሜ ልጅ ሰኔ 30 ቀን 2017 የሃያ ዓመት የቤት ብድር ውል ተፈራረመች። ስሙን በማልጠቅሰው በዚያ መሥሪያ ቤት የተሰጣትን የክፍያ ሰንጠረዥ «ጋሼ፣ አንዴ እዩልኝ» ብላ አመጣችልኝ። የወሩ ክፍያ ልክ ነው፣ ወለዱም ልክ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸምበት ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1909 ይላል። ልጅቱ ደነገጠች፤ ዕዳዋ አያቷ ሳይወለዱ ተከፍሎ አልቋልና። ሠራተኛውን ስትጠይቀው «ሲስተሙ ነው፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» አላት። እኔ እርሳስ አነሳሁ። ቆጣሪው ሞልቶ ከተወረወረ የሚሳሳተው ምንጊዜም በ4,294,967,296 ሰከንድ ነው፤ ይህም 49,710 ቀን ከስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በግርድፉ 136 ዓመት ከ36 ቀን ይሆናል። ሜይ 31 ቀን 1909 ላይ ስደምረው፣ ትርፉ ስድስት ሰዓት ተኩል ወደ ማግስቱ አሻግሮት፣ ጁላይ 7 ቀን 2045 መጣ፤ በእኛ ሰኔ 30 ቀን 2037፣ ውሉ ከተፈረመ ልክ ሃያ ዓመት። ወረቀቱ ላይ ቀኑን በእጄ ጽፌ፣ ስሌቱን ከጎኑ አስፍሬ ላክሁላት። ተቀብለው ማኅተም አደረጉበት፤ ሲስተሙ ግን አሁንም 1909 ያትማል።

ጉዳዩ እንደ ዓለም ፍጻሜ እንዲታይ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የአንድ የኮሪያ ዘፈን የዩቲዩብ ተመልካች ብዛት ይህንኑ ቁጥር ሲያልፍ ድርጅቱ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደጉን ገልጾ ነገሩ በቀልድ አለፈ። በ64 ቢት ሰከንድ የሚቆጥር መሣሪያ ከ290 ቢሊዮን ዓመት በፊት አይሞላም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሊኑክስ 5.6 የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ደግሞ ባለ 32 ቢት መሣሪያዎችም ከእ.ኤ.አ. 2038 በኋላ በትክክል እንዲቆጥሩ መንገዱን ከፍቷል። የሚያሳስበው ማንም የማያድሰው ነገር ነው፦ በግድግዳ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ፣ አሮጌ ቆጣሪ፣ ምንጩ የጠፋ የሂሳብ ፕሮግራም። የሃያ እና የሠላሳ ዓመት ውል የሚያትሙ መሥሪያ ቤቶች ዛሬ አንድ ወረቀት አውጥተው የመጨረሻውን ቀን ቢያነቡ የራሳቸው ሲስተም የት ላይ እንዳለ በአምስት ደቂቃ ያውቁታል።

እንግዲህ የምጠይቀው ማረሚያ ይህ ነው፦ ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ፍጹም ቁጥር አይደለም፤ የ32 ቢት ጣሪያ የሆነው ብቸኛ በመሆኑ አይደለም፤ ቀኑም ጥር 11 ቀን 2030 ነው። ማረሚያው በሚለቀምበት ጊዜ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ጮክ ብሎ ቢያነብልኝ ውለታችሁን አልረሳም፤ አርባ ሰባት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሂሳብ መምህር፣ ከአዲስ አበባ